አስኳሉ ሞላላ ነው፦ በመምህር ራጉኤል ካሣ ዕረፍት የአዋሽ ሰባት የማታ ተማሪዎች ማህበር የሰጠው የሀዘን መግለጫ

የአዋሽ ሰባት የጎልማሶች የማታ ተማሪዎች ማህበር መሥራቹን፣ መምህሩንና የክብር ሰብሳቢውን መምህር ራጉኤል ካሣን በሞት ተነጥቋል። ይህንንም ለአባላቱ፣ ለከተማችን ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በጅቡቲ መንገድ ለሚመላለሱ ሾፌሮች ሁሉ በጥልቅ ሀዘን ያሳውቃል። መምህር ራጉኤል ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማክሰኞ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው፣ በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ወዳጅ ዘመድና ተማሪዎቻቸው በተገኙበት ተፈጽሟል። ነፍስ ይማር ያልንም፣ አላህ ይዘንላቸው ያልንም በአንድ መቃብር ዙሪያ ቆመን ነበር።

ይህንን መግለጫ ማህበሩ ራሱ ጽፎታል። ቀደም ሲል ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄደን፣ እሱ የጻፈውን ሳናነበው አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን እንመለስ ነበር። ዛሬ ሃያ ሦስታችንም እንጽፋለን። ለመኩራራት ሳይሆን እንዲታወቅ ያህል ነው። ብዕሩን የያዘው የማህበሩ ጸሐፊ አቶ አብዱልበሲጥ ሰዒድ በሙያው ጎሚስታ ሲሆን፣ በአዋሽና በገዋኔ መካከል ጎማው ፈንድቶ በእሱ እጅ ያላለፈ መኪና ካለ ባለንብረቱ ቀርቦ መቃወም ይችላል።

መምህር ራጉኤል በ1974 ዓ.ም. የፊዚክስ መምህር ሆነው ወደ መልካ ወረር መጡ። የመጡት ለአንድ ዓመት ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ቆዩ። ለምን እንደቆዩ ሲጠየቁ የዝውውር ደብዳቤያቸው መንገድ ላይ ነው ይሉ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬ በጥጥ እርሻው፣ በሆስፒታሉና በየመሥሪያ ቤቱ ይገኛሉ። አንዳንዶቹ አለቆች ሆነዋል፤ ቢሆንም መምህር በመንገድ ሲያልፉ ከወንበራቸው ይነሱ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ሰመራ ላይ ከፍተኛ ትምህርት ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ የፊዚክስ መምህራን አንዱ ሆኑ። ከባሕር ማዶ ባሉ ትልልቅ ማሽኖች የተገኘውንና ለሕዝብ የተለቀቀውን የጥቃቅን ቅንጣቶች ግጭት መረጃ እያወረዱ ማጥናት የጀመሩት እዚያው ነው። በሰመራ ሙቀት ሰው ጥላ ፍለጋ ሲሯሯጥ እሳቸው ጥላውንም ቬንትሌተሩንም ለኮምፒውተሩ ሰጥተው ራሳቸው በላብ ይጠመቁ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለማርያም በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ወደሚያገለግሉበት ወደ አዋሽ ሰባት ገቡ። ጡረታ የወጣው ግን ደመወዛቸው ነው እንጂ እሳቸው አልወጡም። ላፕቶፓቸውን ይዘው ስሌታቸውን ቀጠሉ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የማታውን የመሠረተ ትምህርት ክፍል ከፈቱ። የመጀመሪያ ቀን አራት ሰው መጣ። ከአራቱ አንዱ በር ተሳስቶ የገባ ነበር፤ እሱም ዛሬ የማህበሩ ጸሐፊ ነው።

በ2015 ዓ.ም. «ሀ»ን ከ«ሐ» ለይተን ጋዜጣ ላይ ስንደርስ ደፈር አልንና የራሳቸው ሥራ ምን እንደሆነ ጠየቅናቸው። የአስኳል ቅርጽ አጠናለሁ አሉን። በዚህ ጊዜ በመኪና ማቆሚያው አጠገብ ቁርስ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ውብነሽ እጃቸውን አወጡ። «ጋሼ፣ አስኳል ድብልብል ነው። በቀን ሁለት መቶ እንቁላል እሰብራለሁ፣ እኔን ይጠይቁኝ» አሏቸው። መምህር ከልባቸው ሳቁ። የእሳቸው አስኳል የእንቁላሉ ሳይሆን የአቶም መሆኑን፣ የአቶም አስኳል ደግሞ ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቅ እጅግ ትንሽ ነገር መሆኑን አስረዱን። አንዳንዱ ድብልብል ነው፣ አንዳንዱ ሞላላ ነው አሉ። ወይዘሮ ውብነሽ ግን ሞላላ አስኳል የሚባል ነገር እንቁላላቸውን እንደ መስደብ ስለተሰማቸው ለሁለት ዓመት ሙሉ አልተቀበሉትም።

የማይታይ ነገር ቅርጹ እንዴት ይታወቃል ብለን ጠየቅን። መልሳቸው ይህ ነበር፤ ሁለት አስኳሎች ከብርሃን ፍጥነት ለጥቂት በሚያንስ ፍጥነት ይጋጫሉ፣ ብትንትናቸውም ይወጣል። ከግጭቱ የሚቀረው በሺህ የሚቆጠር ፍንጣሪ ነው። ፍንጣሪው ወዴት እንደበዛና ምን ያህል እንደፈጠነ ተለክቶ ወደ ኋላ ይታሰባል። እንዲህ የተበተነው ነገር ሳይጋጭ በፊት ምን ይመስል ነበር ይባላል።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አልሆነብንም። ከገዋኔ ወዲህ ባለው መታጠፊያ ሁለት መኪና ሲጋጭ ከትራፊክ ፖሊስ ቀድሞ የሚደርሰው ጸሐፊያችን ነው። ቲማቲሙ በየትኛው ወገን ተበተነ፣ መስታወቱ ስንት እርምጃ ሄደ ብሎ አይቶ፣ አይሱዙው በአፍንጫው ይምጣ በጎኑ ይምጣ ይናገራል። ተሳስቶ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስቷል፣ ያንን ግን ሾፌሩ ነው የዋሸው። መምህር ይህንን ሰምተው «አብዱልበሲጥ፣ አንተማ ባልደረባዬ ነህ» አሉት። ማዕረጉን የሰጡት በቃል ነበር። በዚህ መግለጫ በጽሑፍ ሆኗል።

በዚያው ዓመት የተደረገውን የሐብሐብ ሙከራ ማህበሩ በኩራት ያስታውሳል። ከአሚባራ የመጡ ስድስት ሐብሐቦች፣ ሦስት ድብልብልና ሦስት ረጃጅም፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተላተሙ። ረጃጅሞቹ ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ የሚደራረበው ቦታ ትንሽና ክብ ነው፤ መምህር እንዳሉት በአስኳል ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ይበረታል፣ ፍንጣሪው በየአቅጣጫው እኩል ሆኖ ፈጥኖ ይወጣል። ጎን ለጎን ሲገናኙ ግን የሚደራረበው ቦታ ረጅም ነው፤ ፍንጣሪው ቀዝቀዝ ይልና በጠባቡ በኩል ያደላል። ድብልብሉ እንዴትም ቢዞር ያው ድብልብል ነው። ስለዚህ ሁለቱም ዓይነት ፍንጣሪ ከአንድ ዓይነት አስኳል ከተገኘ አስኳሉ ሞላላ ነው ማለት ነው። መምህር ሲጨርሱ፣ ሐብሐብ ምሳሌ እንጂ ማስረጃ አይደለም ብለው አስጠነቀቁን። እኛም ምሳሌውን በላነው።

መምህር ራጉኤል በጡረታ ላይ ሆነው ያማከሯት የመጨረሻ ተማሪ ኸሊዳ አብዱናሲር ናት። አባቷ አቶ አብዱናሲር ከወሎ መጥተው ሰመራ ላይ ሻይ ቤት የከፈቱ ሰው ናቸው። የማስተርስ ጥናቷ የዩራኒየም አስኳል ምን ያህል ሞላላ እንደሆነ ከግጭት መረጃ ማስላት ነበር። ኮምፒውተር ውስጥ የማስመሰያ አስኳሎች ትሠራለች፤ ድብልብል፣ ትንሽ ሞላላ፣ በጣም ሞላላ እያለች። ከዚያ ታጋጫቸውና ፍንጣሪያቸውን ከእውነተኛው ፍንጣሪ ጋር ታስተያያለች። የተመሳሰለው የእውነተኛው ቅርጽ ነው።

ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ውጤቷን ለገምጋሚዎች አቀረበች። የተመሳሰለው ድብልብል ለመባል ጥቂት የቀረው አስኳል ሆነ። የዩራኒየም አስኳል ሞላላ መሆኑ ግን በሌላ መንገድ ከታወቀ ስንት ዘመኑ። ገምጋሚዎቹ አልተቆጡም፣ እውነታቸውንም ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሰጧት። እስከ ግንቦት 14 ስህተቱን አግኝታ ጥናቷን በገምጋሚዎቹ ፊት ካልተከላከለች ርዕስ ቀይራ ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ የተያዘላት የመምህርነት ቦታም ለሌላ ያልፋል። አባቷ ደግሞ ሁለት ዓመት ብቻዬን ሻይ ቀዳሁ፣ ሦስተኛውን አልችልም፣ ያን ጊዜ ሻይ ቤት ትገቢያለሽ ብለዋታል። ውጤቱ አዋሽ ሲሰማ ደስ ያላቸው ወይዘሮ ውብነሽ ብቻ ነበሩ።

መምህር በዚያን ጊዜ ደረጃ መውጣት አቅቷቸው ነበር። ሆኖም ቅዳሜ ሚያዝያ 25 ወደ ክፍል መጡ፣ ተቀምጠው አስተማሩ፣ ሲጨርሱም ለኸሊዳ ደውለው ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከጠመኔው ሳጥን ላይ አስቀመጡት። ለእነዚህ ሰዎች አስረጂያቸው፣ ለእነሱ ስታስረጂ እኔም እሰማለሁ አሏት። አስረዳች። ጸሐፊያችን ሁለት ጥያቄ ጠየቀ፤ ሁለቱም ከጉዳዩ ውጭ እንደነበሩ ተነገረው።

ቀጥሎ የተናገረው አቶ ሙሐመድሰዒድ ነው። ሙሐመድሰዒድ አፋር ነው፣ የግመል ነጋዴ፤ በክፍላችን በዕድሜ ትልቁ፣ በድርሰት ደግሞ ሁለተኛው ነው። አንደኛው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። በአፋር ወግ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ይቀመጣል፤ ወሬ ይለዋወጣል ማለት ነው። ዳጉ ግን ሐሜት አይደለም። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን፣ ከሰው የሰማውንና ራሱ የገመተውን ለይቶ መናገር አለበት። የደባለቀ ሰው በቃሉ ይጠየቃል። ሙሐመድሰዒድም ስልኩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ እንደ ወጉ ጀመረ።

«ልጄ፣ ፍንጣሪው ስንት እንደሆነ አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?»

ማሽኑ ቆጥሮታል፣ መዝገቡን አይቻለሁ አለች። ወዴት እንደሄደስ? እሱንም አይቻለሁ። ፍጥነቱስ? አይቻለሁ።

«ከመጋጨታቸው በፊት አስኳሎቹ ወዴት ዞረው ነበር?»

ይህንን ማንም አያይም፣ እየተገለባበጡ በየአቅጣጫው ነው የሚመጡት አለችው።

«በአንቺ ኮምፒውተር ውስጥስ? እዚያ ማን አዞራቸው?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ጸሐፊያችን ሄሎ ሄሎ ይል ጀመር፤ መምህር እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት።

«እኔ ነኝ» አለች ኸሊዳ። «ለመጀመሪያው ሙከራ እንዲቀለኝ ሁሉንም ጎን ለጎን አሰልፌያቸው ነበር። ከዚያ... አልፈታኋቸውም።»

ሙሐመድሰዒድ ራሱን ነቀነቀ። ግመል እንኳ የሚታሰረው መንገድ ላይ ነው፣ ሲደርስ ይፈታል አላት። መምህር ግን እንባ እስኪወርዳቸው ሳቁ፤ ወዲያውም ምክንያቱን ለክፍሉ አስረዱ። የማስመሰያው አስኳሎች ሁልጊዜ ጎን ለጎን ብቻ ከተጋጩ ትንሽ ሞላላነት ብዙ ማድላት ታመጣለች። ከእውነተኛው ፍንጣሪ ጋር እንዲስተካከል ሲባል ስሌቱ አስኳሉን ወደ ድብልብልነት ይገፋዋል። ድብልብልነቱን ያመጣው ዩራኒየሙ ሳይሆን ሰልፉ ነው።

መምህር ራጉኤል በዚያ ቀን የሠሩትን ማህበሩ ከአገልግሎታቸው ሁሉ በላይ ይቆጥረዋል። ሳቃቸው ሲያልፍ፣ በሃያ ሦስት ተማሪ ፊት፣ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ኸሊዳ፣ ያንን ኮድ ሰባት ወር አይቼዋለሁ፤ ስህተቱን እኔም ሳላስተውል አልፌዋለሁ። ለገምጋሚዎቹ ስትጽፊ ስህተቱ የሁለታችን ነው ብለሽ ጻፊ፤ ስሜን እንዳትተዪ» አሏት። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ስህተቱን በስሙ ሲያስመዘግብ ያየነው ያኔ ነው። የማህበሩ ጸሐፊ የሙሐመድሰዒድ ጥያቄ በእሱም አፍ ላይ እንደነበረና ለጥቂት እንደተቀደመ በዚህ አጋጣሚ ያሳውቃል። ሙሐመድሰዒድ ይህንን አያምንም።

ኸሊዳ በማግስቱ አስኳሎቿን ፈታቻቸው፤ በየአቅጣጫው እየተገለባበጡ እንዲመጡ አድርጋ ስሌቱን ከመጀመሪያው አስጀመረች። ስሌቱ አሥራ ሦስት ቀን ፈጀ፣ መብራቱም ይጠፋ ነበር። አቶ አብዱናሲር፣ ያ ሻይ ቤት ትገቢያለሽ ያሉት ሰው፣ የሻይ ቤታቸውን ፍሪጅ ከጄነሬተሩ ነቅለው ኮምፒውተሩን ሰኩ። ለሁለት ሳምንት ያህል በሰመራ ሙቀት ለብ ያለ ለስላሳ ለጠጡ ደንበኞቻቸው ማህበሩ ምስጋናውን ያቀርባል፤ ለሳይንስ መሆኑን ሳያውቁ የጠጡ ናቸው።

ቅዳሜ ግንቦት 9 መምህር ከአልጋ መነሳት ስላልቻሉ ትምህርቱ የተካሄደው እቤታቸው ነው። ወይዘሮ አስካለማርያም ወንበር ከጎረቤት ሰብስበው፣ የቀረነውን መሬት ላይ አስቀምጠውናል። ቃለ መጠይቅ የሚለውን ቃል እያጻፉን ሳለ ስልክ ተደወለ። ኸሊዳ ነበረች። የዩራኒየሙ አስኳል ርዝመት ከወርዱ በሩብና በትንሽ ይበልጣል፣ ሌሎች በሌላ መንገድ ካገኙት ጋር በስህተት ወሰኑ ውስጥ ይገጥማል አለች።

«ያየሽው ነው የሰማሽው?» አሏት መምህር።

«ያየሁት ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ጻፊው።»

ስልኩን ዘግተው ወደ እኛ ዞሩና ለወይዘሮ ውብነሽ የተሰማኝን ሀዘን ንገሩልኝ አሉ። ወይዘሮ ውብነሽ እዚያው ከፊታቸው ተቀምጠው ነበር፤ ሀዘኑን ተቀብለዋል፣ ያን ቀንም ለመጀመሪያ ጊዜ አስኳል ሞላላ ሊሆን ይችላል ብለዋል። የእንቁላሉን አይጨምርም። ይህ መምህር ያስተማሩን የመጨረሻው ትምህርት ሆነ። ማክሰኞ ጠዋት አረፉ።

ኸሊዳ በዚያው ቀን ከሰመራ ተነስታ ለቀብር ደረሰች። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠችና አልነሳም አለች። ጥናቷን የምትከላከልበት ቀን ከነገ ወዲያ አልነበረም፣ ነገ ነበር። ይለፈኝ፣ እሳቸውን ቀብሬ በማግስቱ ስለ አስኳል አላወራም አለች። ሽማግሌዎች ለመኗት፤ ጸሐፊያችንም ረጅም ንግግር አደረገ፤ አልሰማችም። ያስነሷት ወይዘሮ አስካለማርያም ናቸው። ከተቀመጡበት ሳይነሱ እንዲህ አሏት፦ «ሰውዬው ሰባት ወር እንቅልፍ ያጣው እዚህ ድንኳን ውስጥ እንድትቀመጪለት አይደለም። ሂጂና ያየሽውን ተናገሪ። ለለቅሶው እኔ አለሁ።»

የማህበራችን አባል አቶ ተገኘ በዚያው ከሰዓት ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ከባድ መኪና ይነዳ ስለነበር ጋቢና ውስጥ ቦታ ሰጥቷት ሰመራ አድርሷታል። በመንገድ ላይ ሙሉ ጥናቷን አስነግሯታል። አሁን አቶ ተገኘ በየመናኸሪያው ስለ ዩራኒየም ስለሚያስተምር፣ የሚናገረው ሁሉ የማህበሩ አቋም አለመሆኑ ይታወቅልን።

ሐሙስ ግንቦት 14 ሣልስቱ ነበር። ድንኳኑ ሞልቶ፣ ሰው ቀስ ብሎ እያወራ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን የወይዘሮ አስካለማርያም ስልክ ጮኸ። አቶ አብዱናሲር ነበሩ፣ ከአዳራሹ በር ላይ። ሁለት ሰዓት ሙሉ መረመሯት፣ ስህተቷን ራሷ ተናገረች፣ የመምህሩን ስም ጠርታ የሁለታችን ነው አለች፣ ከዚያ አስወጥተው መልሰው አስገቧት፣ አልፋለች፣ ቦታውም የእሷ ነው አሉ። አቶ አብዱናሲር ሲናገሩ ያለቅሱ ነበር። ወይዘሮ አስካለማርያም ስልኩን አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በጥቁር ልብሳቸው ቆመው እልል አሉ።

ድንኳኑ ደነገጠ። አንድ የሩቅ ዘመድ በሀዘን ቤት እልልታ ምንድነው ብለው ተቆጡ። ወይዘሮ አስካለማርያም ወደ እሳቸው ዞረው «ይሄኛው የእሱ ነው። ለቅሶው የእኔ ነው። አታምታቱት» አሏቸውና ተቀምጠው ለቅሷቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ውብነሽ እልል አሉ፤ ሙሐመድሰዒድ አልሐምዱሊላህ አለ፤ ጸሐፊያችን ከድንኳኑ ውጭ ወጥቶ ጥቂት ቆይቷል፣ ዓይኑ ውስጥ አቧራ ገብቶበት ነበር።

ስለሆነም ማህበራችን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አስካለማርያም፣ ለመላው ቤተሰባቸው፣ በመልካ ወረርና በሰመራ ለነበሩ ባልደረቦቻቸውና በየዘመኑ ላስተማሯቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በመልካም ስፍራ ያሳርፍልን። ለመምህርት ኸሊዳ አብዱናሲርም፣ በዚሁ መግለጫ፣ ከዚሁ ማህተም በላይ፣ እንኳን ደስ አለሽ ይላል።

ይህንን ወረቀት ለማስተየብ የወሰድንበት የኮምፒውተር ቤት ሠራተኛ፣ ሀዘንና ደስታ በአንድ ገጽ አይጻፍም፣ ለሁለት ይከፈል ብላ ነበር። ማህበሩ ተሰብስቦ መክሮበት አልተቀበለውም። ድንኳኑ የቻለውን ወረቀት አያቅተውም።

የአዋሽ ሰባት የጎልማሶች የማታ ተማሪዎች ማህበር
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዋሽ ሰባት